ጾም ጸሎት በሻላ ዳር

ሳያት ያቺን አሮጌ አባዱላ መኪና ቤት ያደረገቻት ማንም ሳያስተምራት ነው። ኮልፌ የብየዳ ቤት ደጃፍ ቆማ እያየች፣ ስልኳ ላይ ቪዲዮ እያቆመች እያስኬደች ወንበሮቹን ነቀለች፤ አልጋ በየደች፤ ቡታጋዝ ገጠመች፤ መጋረጃ ሰፋች። «ሴት ልጅ ደግሞ ብረት ትቆርጣለች?» ላላት ሁሉ መልሷ አንድ ነበር። «ምላስም እቆርጣለሁ፤ ካንተ ልጀምር?»

ስምንት ወር ሙሉ የተመኘችው አንድ ነገር ነው፤ ሻላ ሐይቅ ዳር፣ በገዛ እጇ የሠራችው አልጋ ላይ አንዲት ሌሊት ተኝታ፣ ጠዋት የኋላውን በር ከፍታ ውሃውን ማየት።

ቅዳሜ ማለዳ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ ጓደኞቿን ሄኒንና ራዕይን ስትጠብቅ፣ ከኋላቸው ሦስተኛ ሰው ብቅ አለ። ጋሽ አየለ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ። ብርድ ልብስና መጽሐፍ ቅዱስ ይዘዋል።

«ወጣት ለጾም ጸሎት ሲወጣ ሽማግሌ አይለየውም» አሉና የፊቱን ወንበር ያዙ።

ሳያት ሄኒን ወደ መኪናው ኋላ ጎተተችው።

«የምን ጾም?»

«ቀስ በይ በናትሽ! የራዕይ እናት ለሽርሽርማ አልለቃትም አለች። ጾም ጸሎት ነው አልኳት። እሷ ደግሞ ለጋሼ ነገረቻቸው።»

«በል ሂድና እውነቱን ንገራቸው።»

«እኔ? ጋሼን? አብደሻል?»

ንዴቷን ውጣ ነዳች። ከኋላ በያዙት በረዶ ሳጥን ውስጥ የጥብስ ሥጋ፣ ዳቦና ብርቱካን፣ ከጎኑም ድንኳን አለ። ባቱ ከተማን ሲያልፉ ራዕይ ብርቱካን መላጥ ጀመረች።

«ልጄ፣ ጀምረናል እኮ» አሏት ጋሽ አየለ፣ በፍቅር። ግማሹ የተላጠው ብርቱካን ወደ ሳጥኑ ተመለሰ። ሳያት ሆዷ ሲጮህ ሬዲዮውን ከፍ አደረገች፤ እሳቸው ለጸሎት ብለው ዘጉት።

ሰባት ሰዓት ገደማ ፓርኩ ውስጥ ከሐይቁ ዳር ደረሱ። ሳያት መኪናዋን ከግራር ጥላ ሥር አዙራ አቆመችና የኋላውን በር ከፈተች። ውሃው በበሩ ልክ ሞልቶ ታየ። ገና «እዩልኝ!» ሳትል ጋሽ አየለ ጫማቸውን አውልቀው አልጋው ላይ ጋደም አሉ።

«ከቤቴ አልጋ ይበልጣል! ማን ሠራው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«እጅሽ ይባረክ። እንግዲህ ማታ ወንዶች እዚህ፣ ሴቶች ድንኳኑ ውስጥ።»

«እሺ ጋሼ!» አለ ሄኒ፤ ትራሱንም ወዲያው አልጋው ላይ ወረወረ።

ሳያት ረሃቡን ችላ ነበር። ይኼን ግን አልቻለችም። የዋሸው ስፖንጅ ላይ ሊንፈላሰስ፣ የበየደችው ጠጠር ላይ ልታድር!

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጾም የለም። ሽርሽር ነው የመጣነው። ሥጋ ሁሉ ይዘናል።»

ጋሽ አየለ ከአልጋው ወረዱ። ጫማቸውን አጥልቀው ክሩን በዝግታ፣ አንድ በአንድ አሰሩ።

«ለራዕይ እናት ጾም ነው ያለው ማነው?»

ራዕይ ውሃውን አየች። ሄኒ ትራሱን አነሣ።

«በጸሎት ስም!» አሉ ጋሽ አየለ። «ዋናው መንገድ ድረስ አድርሺኝ። አውቶቡስ አላጣም።»

ሽማግሌን መንገድ ዳር ጥሎ መመለስ! ሳያት ምላሷ ስለት ቢሆንም ያን የምታደርግ ልጅ አይደለችም። «ቤትዎ ድረስ አደርስዎታለሁ» አለች፣ ጥርሷን ነክሳ።

«እንግዲያው ሁላችሁም ግቡ። ራዕይን ለእናቷ በእጄ አስረክባለሁ። አንድ ድንኳን ውስጥ ከሄኒ ጋር ትቻት አልሄድም።»

ሄኒ ሲገባ በሳያት ጆሮ አንሾካሾከ፤ «ዝም ብትይ ምናለ? ሁላችንም እዚሁ እናድር ነበር።»

«አዎ፤ አንተ አልጋዬ ላይ።»

«ቢያንስ ሥጋውን እንጥበስና...»

«ጾም ነው ብለህ የለ? ጹም! ደግሞ አልጋው ላይ እንዳትቀመጥ። ወለሉ ይበቃሃል።»

ዞራ የኋላውን በር ራሷ ዘጋችው፤ ውሃውን ያየችው በሩ እስኪገጥም ብቻ ነበር። ሞተሩን ስታስነሣ ጋሽ አየለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቁጣቸው በርዷል።

«አልጋዋ ግን ደግ አልጋ ናት። በሚቀጥለው ወር ለእውነተኛው ጾም በዚችው መኪና እንመጣለን፤ ሽማግሌዎቹን በሙሉ ይዤ።»

ሳያት በመስታወቱ ሄኒን ገላመጠችው። አንደኛ ማርሽ አስገባችና ወደ ኮልፌ ነዳች።