እፍ በይ

ልጄ ኮሪን በስልክ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "እማ፣ እሁድ ለሮሪ ክርስትና ስትመጪ በሩ ላይ እፍ ትዪብኛለሽ። መጠጥ ከሸተተኝ ልጄን አታቅፊውም፤ ቤትም አትገቢም።"

እኔን! ጡት ያጠባኋት እናቷን! እንደ ትራፊክ ፖሊስ አፌን ልትፈትሽ! ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት። ከዚያ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ሮሪን ከተወለደ ጀምሮ አንድም ቀን አላቀፍኩትማ።

ሰፈሩ ሁሉ ልብሱን የሚያጥብበት ልብስ ማጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ "መጠጥ መተው ከፈለጉ ይደውሉ" የሚል ማስታወቂያ አለ። ስንት ዓመት ሙሉ ጀርባዬን ሰጥቼው ልብሴን አጥቤአለሁ። በማግስቱ ደወልኩ። አንገስ የሚባል ሽማግሌ አነሳና "ሐሙስ ከሰዓት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣ በጓሮ በኩል ግቢ" አለኝ።

"ሌላ የሰካራሞች ማኅበር የለም? የማያውቁኝ ሰዎች ያሉበት?"

"ቀጣዩ ከተማ አለ። መኪና አለሽ?"

መኪናስ አለኝ፤ መንጃ ፈቃዴን ነው የነጠቁኝ።

ሐሙስ ሄድኩ። በሩን ስከፍት ቡና የምትቀዳው ማን ሆና ተገኘች? ጄራልዲን! የዓሣ ፋብሪካው ውስጥ ጎን ለጎን ቆመን ዓሣ ስንበልት፣ ከአንድ ፔርሙዝ ቮድካ ስንጎነጭ የኖርን ሴቶች ነን። አንድ ቀን አለቃው ጋ ገብታ "ዊኒ ሰክራ ነው የምትሠራው" ብላ አስባረረችኝ። እሷ ቀረች፣ እኔ ወጣሁ።

"አንቺ ሴት፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" አልኳት።

"ያው አንቺ የምትሠሪውን። ስኳር ልጨምርልሽ?"

"መርዝ ጨምሪልኝ!"

ልወጣ ዞርኩ። ከዚያ ምን ቆርጦኝ ነው የምወጣው አልኩ። የምትወጣ ከሆነ እሷ ትውጣ! ወንበር ስቤ ልክ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።

ሰብሳቢው ያ አንገስ ነው፤ የድሮ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ፣ ሲናገር የሚያስለው። እያንዳንዱ በተራው ስሙን ይናገራል፣ የመጠጥ ሱሰኛ ነኝ ይላል፣ ያለውን ያወራል። የእኔ ተራ ደረሰ።

"ዊኒ እባላለሁ። ሱሰኛ መሆን አለመሆኔ እናንተን አይመለከትም። እዚያ የተቀመጠችው ግን እባብ ናት!" አልኩና ሁሉን ዘረገፍኩት። ፔርሙዙን፣ አለቃውን፣ ሁሉን። ስጨርስ ክፍሉ ጭጭ አለ። ናቁኝ! ደሜ ፈላ።

"ምነው፣ ደንቆራችሁ እንዴ?"

አንገስ አሳለና "እዚህ ሰው ሲናገር መልስ አይሰጠውም፣ የእኔ እመቤት። አንቺም ብትሆኚ፣ ሌላውም ቢሆን። ጨረስሽ?" አለ።

"ጨረስኩ!"

ቀጥሎ ጄራልዲን ነበረች። "ጄራልዲን እባላለሁ፣ የመጠጥ ሱሰኛ ነኝ። ዊኒ ያለችው ሁሉ እውነት ነው። የእሷን ሽታ ካወቁ የእኔን አይፈልጉም ብዬ ነው ያሳበቅሁባት።"

ተነሳሁ። "አሁን? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!"

"ተራሽ አልፏል፣ ዊኒ" አለ አንገስ።

"እንዴት ነው የሚያልፈው? ስሜን አነሳችው እኮ!"

"አንቺም የእሷን አንስተሻል። ተቀመጪ።"

አንዱ በሳቅ ቡናው ትን አለው። ምላሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ዝም ብዬ አላውቅም።

ስወጣ ጄራልዲን የስልክ ቁጥሯን እጄ ላይ አስጨበጠችኝ። "ለአዲስ ሰው መስጠት ወጋችን ነው። ሳትጠጪ በፊት ደውዪ። ከጠጣሽ በኋላ ምንም አላደርግልሽም።"

"ሞቼ ነው ለአንቺ የምደውለው!"

ቅዳሜ ለክርስትናው የምለብሰውን ቀሚስ እየተኮስኩ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዱቄቱ ጀርባ ያስቀመጥኩት ጠርሙስ አለ። አወጣሁት፣ ከፈትኩት። አንድ ጉንጭ ብቻ፣ እጄ ጸጥ እንዲል። ግን ከጠጣሁ ነገ ሮሪን አላቅፈውም፤ ጄራልዲንም በሚመጣው ሐሙስ ፊቴን አይታ ታውቃለች። ያቺ! ደወልኩ።

"ሄሎ?"

"ልሰድብሽ ነው የደወልኩት።"

"ተሳደቢ" አለች። "ሥራ የለኝም።"

ሰደብኳታ! ከነዘር ማንዘሯ፣ ከነዓሣ አበላለቷ። መሐል ላይ "ጠርሙሱ የት ነው?" አለችኝ።

"እጄ ላይ።"

"እየሰደብሽኝ ድፊው።"

ምንም አላስቀረሁም፣ ከስድቡም ከመጠጡም። "ይቅር አላልኩሽም!" ብዬ ጮኽኩባት።

"አልጠየቅሁሽም። የልጅ ልጅሽን እቀፊ" ብላ ዘጋችው።

እሁድ የኮሪን ደጃፍ ላይ ዘመድ ሁሉ ተኮልኩሏል። ኮሪን ልጁን ታቅፋ ወጣች፤ ስታየኝ ፊቷ ቀላ። በሹክሹክታ "ግቢ በቃ፣ እማ። ሰው እያየን ነው" አለችኝ።

"አልገባም! ይየና! እፍ ትዪብኛለሽ አላልሽም?"

"እማ፣ እባክሽ..."

አፌን ከፍቼ ያለ የሌለ ትንፋሼን ፊቷ ላይ ለቀቅሁባት። ዓይኗን ጨፈነች። ጠጋ ብላ ደግማ አሸተተች። ከዚያ ሮሪን ደረቴ ላይ አስቀመጠችው።

"አንገቱን ደግፊ" አለችኝ እያለቀሰች።

"አንቺን ማን አሳደገሽና ነው!" ብዬ ጮኽኩ። ልጁ ደንግጦ አለቀሰ፣ እኔም ለቅሶዬን ለቀቅሁት። አንገቱን ግን ደግፌአለሁ።