ዘጠና ስምንት፣ መቶ አራት፣ መቶ ሁለት

«ይሄ ሰውዬ ልጅ የለውም እንዴ?» አለች የላብራቶሪ ሠራተኛዋ፣ አሥራ ሰባት ቁጥር የተጻፈበትን የደም ቱቦ ወደ መብራቱ አንስታ። «ካለውማ ልጆቹን ማሰር ነበር!»

ባልደረባዋ ሳቀ። ለምዶታል፤ እሷ ካልተቆጣች የሠራች አይመስላትም። የሁለቱ ሥራ፣ ስኳር እያለባቸው ስትሮክ የመታቸውን ሰዎች ደም ለጥናት መመርመር ነው። ቱቦው ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም። የሚፈልጉት ሁለት ነገር ነው። አንዱ ብግነት ነው፣ የደም ሥር ከውስጥ ሲቆጣ ማለት ነው። ሌላውን ሐኪሞቹ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ይሉታል። እሷ ግን ለተማሪዎች ስታስረዳ «ዝገት ነው በቃ! ስኳሩ ከፍ ብሎ ሲከርም ሰውነት ከውስጥ ይዝጋል» ነው የምትለው። አሥራ ሰባት ቁጥር በሁለቱም ከሁሉም በልጦ ቁጭ ብሏል። የሦስት ወሩ አማካይ ስኳርማ አይወራ፤ ከሰባት ማለፍ የሌለበት አሥራ ሁለት ነጥብ አራት ገብቷል።

ይሄኔ ሲስተር ብቅ አለች። «የአሥራ ሰባት ውጤት ደረሰ? ሐኪሙ በሽተኛውን ከማስወጣቱ በፊት ልየው ብሏል።» የላብራቶሪ ሠራተኛዋ «ማንን ነው የሚያስወጣው?» ስትላት ጊዜ ሲስተር ግራ ገባት። «አልነገሩሽም እንዴ? የአባትሽ ነው። ለጥናቱ ወንድምሽ ነው የፈረመው።»

ክው አለች። ወዲያው ደግሞ ደሟ ፈላ።

«ቀላቅላችኋል! ቱቦ ቀላቅላችሁ ነው! የአባቴን ስኳር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። በየእሑዱ የሚጽፍበትን ደብተር አያለሁ፤ አንድ ቀን ከመቶ አሥራ አምስት አልፎ አያውቅም!»

አባቷ ልብስ ሰፊ ነው። ስትሮኩ ከመታው ስድስተኛ ቀኑ ነው፤ ቀኝ እጁ ወድቋል፣ አፉም ጠመም ብሏል። የገባ ዕለት ስኳሩ ከሦስት መቶ በላይ ሲሆን «ድንጋጤው ነው ያወጣው» ብላ የተሟገተች እሷ ናት። ደብተሩን ሐኪሙ ፊት ዘርግታ «ይኸው» አለች፤ ሐኪሙም የሥራ ባልደረባውን ምን ብሎ አላምንም ይበል? ስለዚህ አባትየው ዛሬ ከሰዓት የድሮ ኪኒኑን ይዞ ሊወጣ ነው። የአሥራ ሰባት ቁጥር ውጤት እውነት ከሆነ ግን፣ በዚያ ኪኒን ወደ ቤት መላክ ማለት ሁለተኛውን ስትሮክ ና ብሎ መጥራት ነው። ይሄን ደግሞ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ደብተሩን ከቦርሳዋ መዥርጣ ሲስተር እጅ ላይ ጣለችው። «እንቺ አንብቢ!»

ሲስተር ገለጠችው። በፊት በኩል ስኳሩ ነው፦ ሰኞ 98፣ ማክሰኞ 104፣ ረቡዕ 102። ገልበጥ ስታደርገው በጀርባው የአባትየው የሥራ ትእዛዝ ተጽፏል፦ የመምህሯ ኮት፣ ወገብ 98፣ ዳሌ 104፣ ደረት 102። ቀጥሎ የሹፌሩ ሱሪ፣ ወገብ 96፣ ዳሌ 110። ወደ ስኳሩ ተመለሰች፦ ሐሙስ 96፣ ዓርብ 110።

«ወይ ጉድ!» አለች ሲስተር። «አባትሽ የሰው ዳሌ ነው እንዴ ስኳር ብለው ሲጽፉልሽ የከረሙት?» ሳቋ አመለጣት፤ የልጅቷን ፊት ስታይ ግን አፏን በእጇ ያዘች።

የላብራቶሪ ሠራተኛዋ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ሐኪሙ ነው። «ደብተሩ ውሸት ነው፣ እኔም ተሳስቻለሁ። እንዳታስወጣው፤ ኢንሱሊን ይጀመርለት» አለችው። ከዚያ ቆሽቷ እንዳረረ ወደ አባቷ ገባች። ጃኬቱን በአንድ ትከሻው ደርቦ፣ ሊወጣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«አባዬ፣ ይሄ የማን ዳሌ ነው?»

የክፍሉ በሽተኛ ሁሉ ዞረ። እሷ ግን ማን አለ ብላ!

«ዓይን ያወጣ ውሸት! እኔን፣ ቀኑን ሙሉ ይሄንኑ ስመረምር የምውለውን ልጅህን! ሰው በገዛ ሞቱ ላይ ቁጥር ይፈጥራል? ለምን? ንገረኛ፣ ለምን?»

«የስኳር መለኪያው... ባትሪው ካለቀ ዓመት አለፈው» አለ አባቷ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየጎተተ።

«እና አትነግረኝም?»

«አንዴ... ሁለት መቶ አሥር ጻፍኩ። የእውነቱን። ጮኽሽብኝ። በሩን አላግተሽው ሄድሽ። ሦስት እሑድ አልመጣሽም።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ዘጠና ስምንት ስጽፍ ግን... ምሳ እንበላለን። እስኪመሽም ትቆያለሽ።»

ጠዋት ማሰር ነበር ያለቻቸው ልጆች ትዝ አሏት። በእሱም በራሷም አንጀቷ አረረ፤ የትኛው እንደሚብስ አላወቀችም።

የክፍሉን መለኪያ አምጥታ ጣቱን ወጋችው። ቁጥሩ እስኪወጣ ድረስ አባትየው መለኪያውን አንዴም አላየም፤ የሚያየው የእሷን ፊት ነበር።

«ሦስት መቶ አሥራ ስምንት» አለች ጥርሷን ነክሳ፤ በራሷ እጅ ደብተሩ ላይ ጻፈችው።

አባትየው ዓይኑን ወደ በሩ ላከ። «ልትሄጂ ነው?»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ዝም በል» አለችው። «ተናድጃለሁ። ግን የትም አልሄድም።»