ሥር የሌለው ጦስኝ

ልጅ ሆኜ ከአዲስ ቅዳም ገበያ ስንመለስ፣ ከፊታችን የሚሄዱ ሁለት ሴቶች ስለ ጦስኝ ሲከራከሩ ሰምቼ ነበር። አንደኛዋ «ጦስኝ ከጠገበ አይሸትም» አለች። ሌላዋ የመለሰችላት ጠፍቶኛል፤ መሳቋን ብቻ አስታውሳለሁ።

ነገሩ ትዝ ያለኝ ዘንድሮ፣ ከጎረቤቴ ከየሻረግ ጓሮ ቆሜ ነው። የሻረግ ከገደሉ አፋፍ ጦስኝ እየነቀለች፣ እንጅባራ ሻይ ቤት ላላቸው ለእትዬ ልክየለሽ ታቀርባለች። ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ ነው። አፋፉ ከዓመት ዓመት ሲራቆትባት ግን ጓሮዋ ተከለችው፤ ፍግ ጨመረችለት፤ ጠዋት ማታ አጠጣችው።

«እዩት ጋሼ መሳፍንት፣ እንዴት እንዳማረበት!»

እውነትም ቅጠሉ ሰፍቷል፣ ቁመቱ ረዝሟል። ቆንጥሬ በጣቴ አሸሁት፤ ሣር ሣር አለኝ።

«ያምራል» አልኋት።

«እትዬ ልክየለሽም እንደዚያ ብለው ነው የመለሱብኝ። ‹ሣር ሻጭ ሆንሽ ወይ?› አሉኝ።»

በማግስቱ አፋፉ ላይ ወጣሁ። እዚያ ጦስኙ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ ይሄዳል እንጂ ቀና አይልም። ቅጠሉ ከምስር አይበልጥም፤ ግንዱ እንደ ሽቦ የጠነከረ ነው። ገና ስረግጠው ሽታው አወደኝ። ፍግ ያልሰጠውን ድንጋይና ፀሐይ ሰጡት! የፈጣሪን ሥራ እያደነቅሁ ቁጭ አልሁ። ዙሪያዬ የተነቀለበት ባዶ ጉድጓድ ነው። አንድ ቦታ ግን ሲነቀል ተበጥሶ የቀረ ሥር አዲስ ቀንበጥ አውጥቷል።

ስመለስ የሻረግን «አንቺ፣ ለምን በማጭድ አታጭጅውም?» አልኋት።

«ማን ሊገዛኝ? እትዬ ልክየለሽ ሥሩን ሳያዩ አይቀበሉም። ሥር የሌለው የሰነበተ ነው ይላሉ።»

«ሥሩ ከቀረ መልሶ ይበቅላል፤ አብሬሽ ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አልኋት።

ቅዳሜ ማለዳ ከአፋፉ አጭዳ፣ በሚኒባስ አብረን ሄድን። እትዬ ልክየለሽ እስሩን ገለበጡት።

«ሥሩን የት አደረግሽው?»

«ለከርሞ አስቀመጥሁልዎ» አለች የሻረግ።

«አንተስ ምን ቤት ነህ? ደላላ ሆንህ?»

«የለም፣ ነገር ጠያቂ ነኝ። እስቲ አሸት አድርገው ያሽትቱት፤ ጤዛው እንኳ አልለቀቀውም።»

አሸት አድርገው አሸተቱ። ደግመው አሸተቱ።

«ሥሩ ከቀረ እውነት ይበቅላል?»

«በዓይኔ አይቻለሁ።»

«በሉ እንግዲህ፣ ከዛሬ ጀምሮ ያለ ሥሩ እቀበላለሁ» አሉ። «ሽታው የጠፋ ቀን ግን ሁለታችሁንም ነው የማባርራችሁ!»