ዘጠኝ ሚሊሜትር

ወንድሜ ምቀኛ ነው ብዬ ሰባት ዓመት አመንኩ። በስሜት ተነድቼ አልነበረም፤ ማስረጃ ነበረኝ። ማስረጃው በመኪናዬ ሞተር ግራ በኩል፣ ሦስተኛው ቱቦ ላይ ያለው የመዶሻ ስርጉድ ነው። ወደ ግራ በታጠፍኩ ቁጥር ያ ቱቦ ሻንሲውን፣ መኪናው የተሸከመበትን የብረት አጥንት፣ እየነካ ያንኳኳል፤ እኔም ባንኳኳ ቁጥር ፍርዴን አጸና ነበር። ሰው በስሕተት ላይ ረግቶ የሚቆመው ሁልጊዜ ማስረጃ አጥቶ አይደለም፤ አንዳንዴ ማስረጃው ከመጠን በላይ ስለሚያረካው ነው።

መኪናው የአባቴ ነበር። ሲሞት ለእኔ፣ ለታናሹ፣ ተወልኝ። በስድስት ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ መካኒክ ሆኖ ሳለ፣ አባቴ ልጁ ሃያ ዓመት ከሞላው ጀምሮ የዚያን መኪና ቁልፍ አስነክቶት አያውቅም። በቤታችን የሚነገረው ምክንያት ወንድሜ ትምህርቱን ጥሎ ግራሶ ውስጥ መዘፈቁ ነበር። እኔ ተምሬ መምህር ሆንኩ፤ ስለዚህ ምክንያቱ ይጥመኝ ነበር፤ መርምሬውም አላውቅም።

አባቴ ኮፈኑን ከፍቶ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ «ይህ ሞተር ትንፋሹ ታፍኗል» ይል ነበር። በሞተ በዓመቱ ያችን ቃል ልፈጽም ብዬ ሄደር ገዛሁ። ሄደር ማለት ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ በአራት ረጃጅም ቱቦዎች ተቀብሎ ወደ ማርሚታው የሚያደርስ ዕቃ ነው፤ ከፋብሪካ የመጣውን ደንዳና ብረት፣ ማኒፎልዱን፣ ይተካል። ካርቶኑን ታቅፌ ወንድሜ ጋራዥ ደረስኩ።

«ፕሮፌሰር፣ ዛሬ ደግሞ ምን ጉድ ይዘህ መጣህ?» አለኝ። አንድም ቀን ፕሮፌሰር ሆኜ አላውቅም።

«ሄደር ነው፣ ወንድም ጋሼ። ያለ ምንም ለውጥ ይገጥማል ተብሏል።»

«ማን አለ?»

«ካርቶኑ ላይ ተጽፏል።»

«ካርቶን ምን ቸገረው! ቡሎን የሚያጠብቀው እሱ አይደል።»

አሮጌውን ማኒፎልድ አወረደ። በሁለቱ ብረቶች መካከል የሚገባውን አዲሱን ጓርኒሲዮን አንሥቶ በሄደሩ ፊት ላይ አስተኛና ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በብርሃን አየ። ሁሉም ፊት ለፊት ገጠሙ። «ዕቃው ልክ ነው» አለ፤ «የሠራው ሰው እጁ ይባረክ።» ይህን አረፍተ ነገር ልብ ብዬ ያዝኩት፤ በኋላ በራሱ ላይ መሰከርኩበት።

ዕቃው ግን ቦታው ላይ እምቢ አለ። የኋለኛው ጫፍ ሞተሩ ላይ ሲተኛ የፊተኛው ርቆ ይቀራል። ወንድሜ አዙሮ ሞከረ፤ ከላይ ሞከረ፤ ከታች ሞከረ። ሞተሩ የተቀመጠባቸውን ጎሚኒዎች አላልቶ በክሪክ ከፍ ዝቅ አደረገው። ሦስተኛው ቱቦ ሻንሲው ላይ ተደግፎ አላሳልፍ ይላል። በቀረው ክፍተት ውስጥ መለኪያ አስገባ፤ ዘጠኝ ሚሊሜትር።

ከዚያ ሜትር ይዞ ከመኪናው ሥር ገባ። ጫፉን እኔ ያዝኩለት። ከፊት ግራ ወደ ኋላ ቀኝ ለካ፤ ከፊት ቀኝ ወደ ኋላ ግራ ለካ፤ ሁለቱንም ደገማቸው። ከሥር የሚታዩኝ ጫማዎቹ ብቻ ነበሩ፤ ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሱም።

ሲወጣ ዐይኔን አላየኝም። «አይገጥምም። ዕቃው ብልሹ ነው፤ መልሰው።»

«አሁን ልክ ነው አላልክም?»

«ተሳስቼ ነው።»

ያ ሰው በሥራው «ተሳስቼ ነው» ሲል ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። መዋሸቱን ያወቅኩት በዚህ ነው። ለምን እንደዋሸ ግን ለራሴ ተረጎምኩት።

«እውነቱን እንነጋገር» አልኩ። «አባዬ ለእኔ ስለተወልኝ ነው አይደል?»

ሳቀ። «ይሄን ቆርቆሮ?»

«ቆርቆሮም ቢሆን ቁልፉን አንድ ቀን እንኳ አላስያዘህም።»

ሳቁ ቆመ። ጨርቅ አንሥቶ ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠረገ። «አሮጌውን ልመልስልህና በሰላም ሂድ።»

«አይሆንም። አንተ ካቃተህ ሌላ ጋራዥ እወስደዋለሁ። ሥራ የሚያውቅ ሰው ከሥሩ ገብቶ ይየው።»

ፊቱ ተለወጠ። ያን ጊዜ የተዋረደ ሰው ፊት መስሎኝ ደስ አለኝ። የኦክስጅኑን እሳት ለኮሰ፣ ሦስተኛውን ቱቦ ፍም እስኪመስል አጋለ፣ በመዶሻም ሰረጎደው። ያ ባለሙያ፣ አንድ ቡሎን ጠማማ ከገባ ምሳ የማይበላው፣ አዲስ ዕቃ በፊቴ ቀጥቅጦ አበላሸና ገጠመው።

«ይኸው። ሌላ ቦታ እንዳትወስደው። ችግር ካለ ወደ እኔ አምጣው፤ ወደ እኔ ብቻ።»

ከጋራዡ በር ወደ ግራ ስታጠፍ ቱቦው አንኳኳ። ከዚያን ቀን ወዲህ «ወንድም ጋሼ» ብዬው አላውቅም። አሮጌውን ማኒፎልድ ለቆራሌው ሰጠሁት። ታሪኩንም ለሚሰማኝ ሁሉ አወራሁ፤ አንደበቴ ርቱዕ ነው፣ የወሬው አሠካክ ያማረ ነበር፤ «ዕቃው ልክ ነው ባለ በሰዓቱ በመዶሻ ቀጠቀጠው» ስል አድማጭ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። የትምህርት ቤታችን አውቶቡሶች ለዘመናት የሚጠገኑት እሱ ዘንድ ነበር፤ በእኔ ምስክርነት ወደ ሌላ ጋራዥ ዞሩ። ወንድሜ ቅሬታ አላሰማም። ዝምታውንም እንደ እምነት ቃል መዘገብኩበት።

በሰባተኛው ዓመት የፊት ግራ ጎማ አንድ ወገኑ ተበልቶ ሽቦ ስላወጣ፣ የጎማ አቅጣጫ ወደሚያስተካክል ባለሙያ ሄድኩ። ሽማግሌ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ብዙ ቆየ።

«ጌታዬ፣ ይህ መኪና ክፉኛ ተጋጭቷል።»

«ተጋጭቶ አያውቅም። የአባቴ ነው።»

«አባትዎ አይጋጩም?» አለና ሳቀ። «ይውረዱና ይዩ። የግራው ሻንሲ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ አንድ ሰው ጎትቶ አውጥቶታል። ብየዳውን ይመልከቱ፣ እንደ ልብስ ስፌት ነው። ማሽን አልነበረውም፤ በሰንሰለትና በክሪክ ነው የሠራው። ወደ አንድ ሣንቲሜትር የምትጠጋ ብቻ ቀርታበታለች። ያችን ደግሞ ካልለኩ በቀር አያይዋትም።»

«ታዲያ ሄደሩ ሲገባ ያስቸገረው በዚህ ነው?»

«የፋብሪካው ማኒፎልድ ሞተሩን ታቅፎ ስለሚቀመጥ ምንም አይለው። ሄደር ግን ቱቦው ይንሰራፋል፤ እዚህች ጋ ይመታል።» ጣቱን ስርጉዱ ላይ አሳረፈ። «ይኸው፣ መትቶም ነበር።»

መኪናውን በቀጥታ ወደ እናቴ ነዳሁ። እናቴ ታነክሳለች፤ እኔ ዐሥራ አራት ዓመት ሲሆነኝ፣ ለፈተና እንድዘጋጅ ተብዬ አክስቴ ቤት በከረምኩበት ወር ከደረጃ ወድቃ ነው፤ እንዲህ ተብዬ ነው ያደግኩት።

«እማዬ፣ እውን ከደረጃ ነው የወደቅሽው?»

የምትለቅመውን ምስር አቆመች። «እሱ ነገረህ?»

«እሱ አልነገረኝም። ሻንሲው ነው የነገረኝ።»

ሻንሲ ምን እንደሆነ አላወቀችም፤ የተናገርኩትን ግን አወቀች። «አባትህ ጠጥቶ ነበር» አለች። «ወንድምህ ልንዳ ቢለው ቁልፉን ከለከለው። ከግንብ ጋር ተላተምን። እኔን ተሸክሞ ያወጣኝ ወንድምህ ነው። ጎረቤት ሳያይ፣ አንተም ሳትመለስ ብሎ ሦስት ሳምንት ግቢ ውስጥ መኪናው ሥር ተኝቶ ሠራው። ሲጨርስ አባትህ አመሰግናለሁ አላለውም። ከዚያ ወዲያ ዐይኑን ማየት አቃተው፤ ባየው ቁጥር ያንን ቀን ያይ ነበር መሰለኝ። ግራሶ፣ ትምህርት፣ ያ ሁሉ በኋላ የመጣ ወሬ ነው።»

«ለእኔ ለምን አልተነገረኝም?»

«አባትህን ታመልከው ነበር። ወንድምህን እንዳይነግርህ በእኔ ሞት አስማልኩት።» ምስሩን እንደገና ትለቅም ጀመር። «አልሞትኩም፤ እሱም አልተናገረም።»

በዚያ ቀትር መኪናው ውስጥ ተቀምጬ ነገሩን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አነበብኩት። ወንድሜ በሃያ ዓመቱ ከዘጠኝ ሚሊሜትር በቀር የአባቱን ጥፋት በሙሉ መልሶ ነበር። የቀረችውን በሜትር ሲያገኛት፣ ዕቃው ልክ ነው ካለ ታሪኩን መናገር ግድ ሊሆንበት ነው፤ ስለዚህ ተሳስቻለሁ አለ። ሌላ መካኒክ ከሥሩ ይግባ ስለው ደግሞ፣ ማንም እንዳይገባ የራሱን ስም በመዶሻ ቀጠቀጠ። የሚቀጠቀጠው ምን እንደሆነ አጠገቡ ቆሜ አላየሁም።

ጋራዡ ጠቧል፤ ግማሹን ለበር ሠሪ አከራይቶታል። ወንድሜ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ካርቡራተር ያጥባል።

«ወንድም ጋሼ» አልኩት።

ቀና አለ። «ማን ሞተ?»

«እማዬ ነገረችኝ። ሻንሲውንም አየሁት።»

በብሩሹ አንድ ቀዳዳ ደጋግሞ ጠረገ። «ዘጠኝ ነበረች» አለ። «ዛሬ ቢሆን አወጣት ነበር። ያኔ ሰንሰለቱ ተበጠሰብኝ።»

«ያን ቀን ብትነግረኝ...»

«ታምነኝ ነበር?»

ዐይኔን ወደ ካርቡራተሩ መለስኩ።

«እኔ ልንገርህ፤ አታምነኝም ነበር። ምቀኝነቱ ሳያንሰው ሙት ወቃሽ ሆነ ትለኝ ነበር። ደግሞ ወሬህ ያምራል፣ ፕሮፌሰር፤ እዚህ ድረስ ይሰማ ነበር።»

«ይቅር በለኝ። አሮጌውን መልሰን...»

«አሮጌው የት አለ?»

«ለቆራሌው ሰጠሁት።»

«እንግዲያው ምኑን እንመልሳለን?» ካርቡራተሩን ጨርቅ ላይ አስቀመጠ። «ስማ፤ ለእኔ አትንገረኝ፤ እኔ አውቀዋለሁ። ይቅርታህንም እዚህ አታራግፈው፣ ቦታ የለኝም። ለነገርካቸው ሂድና ንገራቸው።»

«አባዬስ?»

«እሱን ሃያ ምናምን ዓመት ተሸከምኩት። አሁን ተራው ያንተ ነው።»

ስወጣ በሩ ድረስ አልሸኘኝም።

እናቴ ተናገርም አላለችኝም፣ አትናገርም አላለችኝም። ታሪኩን ያወራሁላቸውን ሰዎች ስም በወረቀት ላይ ጻፍኩ፤ ዐሥራ አንድ ሰዎች ሆኑ። ርእሰ መምህሩ፣ የአውቶቡሶቹ ኃላፊ፣ ባለ መድኃኒት ቤቱ፣ አክስቴ፣ ከሁሉ በስተመጨረሻ የአባቴ ወንድም። ርእሰ መምህሩ አዝኖ ሰማኝ፤ አውቶቡሶቹ ግን ከሌላው ጋራዥ ጋር ውል ስላለ አይመለሱም አለ። አጎቴ «የሙት ስም የሚያጎድፍ ልጅ» ብሎ ከቤቱ አስወጣኝ፤ እስከ ዛሬ ሰላምታ የለንም። ወንድሜም አልደወለልኝም።

ለዐሥራ አንዱም፣ በየቤታቸውና በየሥራ ቦታቸው ሄጄ፣ ዕቃው ልክ እንደነበረ፣ መኪናውን ያጣመመው አባቴ እንደሆነ፣ ያቀናውም ወንድሜ እንደሆነ ነገርኳቸው።