እግር ሲመሰክር

«ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ዕድል ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ» አሉ ጡረተኛው ሹፌር፣ የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ እጆቻቸውን እንደ ወታደር ከጎናቸው ለጥፈው።

«ዘና ይበሉ እንጂ ጋሼ» አለች ጫማ ሰሪዋ። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ቪዲዮ ትቀርጻቸዋለች።

«ዘና ብያለሁ!» ብለው ተቆጡ። ከዚያ ታናሽ እህቷ ጽፋ የሰጠቻቸውን ወረቀት ሰረቅ አድርገው አዩና ቀጠሉ። «የጫማ ቤቱ ምርት ጥራቱን የጠበቀ፣ ወቅቱን... ምን ይላል ይሄ?»

«ያገናዘበ።»

«ወቅቱን ያገናዘበ ነው።» ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። እኚህ ሰውዬ በሌላ ቀን ሱቁ ከገቡ ወሬያቸው የማያልቅ፣ የተቆረጡትን ሁለት የእግር ጣቶቻቸውን ሳይቀር «የመለዋወጫ እጥረት» እያሉ የሚያስቁ ነበሩ። ያን ቀን ግን ወረቀቱን አጥፈው መለሱላት፤ «እንግዲህ ይቅናሽ» ብለው ወጡ። ተሠርቶ ያለቀውን ሌላ ጫማቸውን ሊወስዱ እንኳ ሳይመጡ ሰነበቱ።

«ደንበኛዬን በገዛ እጄ አባረርኩት» አለች ጫማ ሰሪዋ።

«ደግሞ ጀመረሽ!» አለች እህቷ። «ሰው አይቶ ነው የሚያምነው፣ እታለም። ጫማሽን የተጫሙት ራሳቸው ካልተናገሩልሽ ከዚህ ጓሮ ድረስ ማን ይመጣል?»

እውነቷን ነበር። ጫማ ሰሪዋ የምትሠራው ከሱቅ የተገዛ ጫማ ለማይሆናቸው ሰዎች ነው፤ አንድ እግሩ ላጠረ፣ እግሩ ለሚያብጥ፣ ጣት ለጎደለው። ዋናው መንገድ ላይ የነበረው ሕንፃ ሲፈርስ ከጋራዥ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ተከራየች። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ እየሳሳ ሄደ። በዚሁ ከቀጠለ የእንጨት የጫማ ፎርማዎቿንና ወስፌዋን ጠቅልላ የፕላስቲክ ጫማ ፋብሪካ ከመቀጠር ሌላ ምርጫ የላትም። እህቷ በስልክ የከፈተችላት ገጽ ላይ ግን ከጫማ ፎቶ በቀር ምንም የለም።

«ሰውን አመስግነኝ ብሎ መጠየቅ ለእኔ ልመና ነው። አንቺ ለምን አትጠይቂያቸውም?»

«እኔን የት ያውቁኛል? የሚያውቁት አንቺን ነው።»

ሌላዋ የቆየች ደንበኛዋ፣ ፋርማሲስቷ፣ ሶል ልታስቀይር የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። ግራ እግሯ ከቀኙ ያጥራል። ጫማ ሰሪዋ ከፍታውን ከውስጥ ስለደበቀችው ጫማዎቹ ላየ ሰው አንድ ናቸው፤ የሥራ ባልደረቦቿ እንኳ አያውቁም። ቀኑን ሙሉ የምትቆመው ከመደርደሪያ ጀርባ ነው።

ጫማ ሰሪዋ ሐሳቧን ለማውጣት አፏን ትከፍትና ስለ ማስቲሽ ታወራለች። እንደገና ትከፍትና ስለ ዝናቡ ታወራለች። የተለጠፈውን ሶል ደግማ ደጋግማ ቀጠቀጠችው።

«ምን አደረገሽ ያ ሶል?» አለች ፋርማሲስቷ። «ምን ሆነሻል ዛሬ?»

ጫማ ሰሪዋ መዶሻውን አስቀመጠች። ኪሷ ውስጥ ያለው ወረቀት ትዝ አላት፤ ሹፌሩም ትዝ አሏት። ወረቀቱን ተወችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ፈልጌ አፍሬ ነው። ሰው እዚህ መሆኔን አያውቅም። ስለ ጫማሽ በቪዲዮ ብትናገሪልኝ ብዬ ነበር። እምቢ ብትይ ጫማሽን ያው እንደ ወትሮው ነው የምሠራልሽ፤ ቅር አይለኝም።»

ፋርማሲስቷ አቀርቅራ ግራ እግሯን አየች። ጫማ ሰሪዋ ምነው ምላሴን በቆረጠው አለች በሆዷ።

«ፊቴ መታየት አለበት?»

«የለበትም። እግርሽ ብቻ ቢታይ ይበቃል።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ምንም እንዳትይ። እኔ እጠይቅሻለሁ፤ እንደ ወትሯችን እናወራለን።» ስልኩን ከፎርማዎቹ ጋር አስደግፋ ወደ ወለሉ አዞረችውና ራሷ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። «ከዚህ ጫማ በፊት መንገድ ላይ ስትሄጂ እንዴት ነበርሽ?»

ፋርማሲስቷ ጫማዋን አጥልቃ ቆመች። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ድምጿ ዝግ አለ።

«ሰው ከኋላዬ ሲመጣ እቆም ነበር። ስልክ አውጥቼ የማወራ እመስላለሁ፤ አልፎኝ እንዲሄድ። ከኋላ ሆኖ አካሄዴን እንዳያይ። የሌለን ሰው "ሃሎ፣ ሃሎ" እያልኩ ስንት ዘመን! አንድ ቀን፣ ይሄን ጫማ ካደረግኩ በኋላ ነው፣ ቤቴ በር ላይ ደርሼ ቁልፍ ሳወጣ ጎረቤቴ ከኋላዬ ሰላም አለችኝ። ከታክሲው ጀምሮ እየተከተለችኝ ነበር ለካ። እኔ እኮ አልቆምኩም። መቆሙ ትዝም አላለኝ።»

ይህን እያለች ከበሩ እስከ መስኮቱ ሄደች፤ ተመለሰች። ጫማ ሰሪዋ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም፤ የሚጠየቅም አልነበረም።

«አምጪው እስቲ ልየው» አለች ፋርማሲስቷ። አጎንብሳ ስክሪኑን ስታይ ቆየች። «እኔ ነኝ ይቺ? እንዲህ ነው የምራመደው?» በመሀረቧ ዓይኗን ጠራረገችና ሳቀች። «እስከ ዛሬ ራሴን ስሄድ አይቼ አላውቅም እኮ። ልቀቂው፤ የሥራ ቦታዬን ብቻ እንዳትጠሪ። ይልቅ እስከ ዛሬ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

ጫማ ሰሪዋ ትከሻዋ ላይ የነበረው ሸክም ዱብ ያለ መሰላት።

ቪዲዮው ከተለቀቀ በኋላ መጀመሪያ ብቅ ያሉት ሹፌሩ ናቸው። ገና ከበሩ፣ «የእኔን ጉድ ለቀሽው?» አሉ።

«የዚያኑ ዕለት አጥፍቼዋለሁ።»

«እፎይ! ባለቤቴ ብታየው ለምርጫ ልትወዳደር ነው ወይ ትለኝ ነበር። እሱን ፈርቼ እኮ ነው በጓሮ በጓሮ ስዞር የሰነበትኩት።»

«እኔ ደግሞ የተቀየሙኝ መስሎኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ!» ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁ። ሹፌሩ ጫማቸውን አጥልቀው እየተንጎራደዱ ወጡ።

ከሳምንት በኋላ አንድ ጎልማሳ እናቱን ደግፎ በሩ ላይ ቆመ። «ያቺ "ሃሎ፣ ሃሎ" የምትለዋ ሴትዮ ጫማ የተሠራው እዚህ ነው?»

«እዚህ ነው፤ ግቡ።»

እናትየው በግድ ተቀመጡ። ያበጠ እግራቸውን ወደ ቀሚሳቸው ስር ሳብ አደረጉት፤ ክፍሉን በፍርሃት ቃኙ። ታናሽ እህት ቀድማ ስልኳን አውጥታ ወደ ጫማ ሰሪዋ ጆሮ ጠጋ አለች።

«አሁኑኑ እንቅረጻቸው፣ እታለም። በፊት እንዲህ ነበሩ፣ ኋላ እንዲህ ሆኑ እንላለን። አሪፍ ይወጣል!»

ጫማ ሰሪዋ ስልኩን ከእህቷ እጅ ወስዳ መሳቢያ ውስጥ ከተተችና ዘጋችው።

«መጀመሪያ ይራመዱ» አለቻት ቀስ ብላ። «በሩን ገርበብ አድርጊልን።»

ከዚያ ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከሴትየዋ እግር ስር ቁጭ አለች።

«እስቲ እማማ፣ የቱ ጋ ነው የሚያምዎት?»