ዶሮዎቹ ያልጨረሱት ዘር

ባልደረቦቹ «ኮስታራው» የሚሉት ይህ ሰው የበቆሎ ዘር ለቃሚ ነው። ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ ቢያቆምም፣ በምርምር ጣቢያው የዘር ክፍል፣ ከሥሩ መብራት ባለው የመስታወት ጠረጴዛ ፊት ስድስት ዓመት ተቀምጧል። ፍሬው መስታወቱ ላይ ሲበተን፣ ብርሃኑን እንዳለ የሚያሳልፈው ተራ በቆሎ ነው። ጨርሶ የሚጨልመው ገንቢ ነገር ሞልቶታል፣ ግን ልፍስፍስ ነው፤ ነቀዝ ይጫወትበታል። የሚፈለገው ግማሹ ጨልሞ ግማሹ የሚያበራው ነው፤ ጠንካራም፣ ልጅ የሚያሳድግም። ይህን የሚለይ ዓይን ያለው እሱ ብቻ ነው። እንግዳ መጥቶ ፎቶ ሲነሳ ግን «እስቲ ከጠረጴዛው ዞር በል» የሚባለውም እሱ ነው። ይህችን ቃል ከነቀኗ ይዟታል።

ወገቡን አሞት ሁለት ሳምንት ቤት ዋለ። ሲመለስ፣ አዲሷ ተመራማሪ ዶክተር ሥራው እንዳይጓተት ብላ እህል የሚያበጥሩትን ሴቶች አስለቅማ ጠበቀችው። ነገ እንዘራለን አለችው ፊቷ በርቶ። ከወረቀት ከረጢቱ እፍኝ ዘግኖ መስታወቱ ላይ በተነ። ሁሉም እንደ ጠርሙስ ጠራ። ሴቶቹ ዕድሜ ልካቸውን እንደለመዱት ደብዛዛውን የታመመ ነው ብለው አውጥተው፣ የሚያብረቀርቀውን አስቀርተዋል። የስድስት ዓመቱ ልፋት ከተጣለው ጋር ሄዷል።

እውነት ለመናገር፣ መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነው። ይዝሩት፣ በመከር ጊዜ ጉዳቸው ይወጣል አለ በሆዱ። ወንበሩ ላይም ተደላደለ። ግን አላስቀምጥ አለው። እነዚያ ደብዛዛ ፍሬዎች አንድ በአንድ በማን ጣት አለፉ? የዶክተሯ መቼ ሆኑና።

«የተጣለው የት ገባ?»

«ለዶሮ ተላከ። ምነው ጋሼ?»

ሲነግራት ፊቷ አመድ መሰለ። እሱ ወገቡን ይዞ ወጥቷል።

ከዶሮ እርባታው ኃላፊ ጋር ከተኳረፉ ቆይተዋል። ሰውየው በሠራተኞች ስብሰባ ላይ «አምፖል ላይ አፍጥጦ የሚውል» ብሎ አስቆበት ነበር። ዛሬ ሊለምነው ነው።

«ምን እግር ጣለህ?» አለ ኃላፊው።

«ቀልድህን አቆይልኝ። ከእኛ የመጣውን በቆሎ መልስልኝ።»

«ሁለት ቀን በልተውት? እንዲህ ወደውት አያውቁም እኮ። አንዷማ ከበላች ወዲህ ትገላምጠኛለች።»

ከባልዲው ሥር ሁለት ጣሳ ያህል ተርፏል። ኃላፊው የኮስታራውን አካሄድ አየና ባልዲውን ራሱ ተሸከመለት።

ለሁለት የመዝሪያ መደብ ሦስት መቶ ፍሬ ያስፈልጋል፤ ካነሰ ሥራው ከሀ ይጀመራል። ኮስታራው ዶክተሯን የሚያዋርድ ቃል አዘጋጅቶ ነበር ወደ ዘር ክፍሉ የተመለሰው። እሷ ግን ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ያሳዩኝ አለችው። ሰበብ ሲጠብቅ ሰበብ አጣ።

«መጀመሪያ ዓይንሽ ይልመደው» አላት። «አትልቀሚ። ዝም ብለሽ እዪ።»

ለምሳ ሳይነሱ ሁለት መቶ ደረሱ። ከዚያ ወዲያ ሥራው እየከበደ ሄደ፤ ዶሮዎቹም የሚበላውን ያውቃሉ ለካ። ሁለተኛው ጣሳ ሲያልቅ ሁለት መቶ ዘጠና ስምንት ሆነ። ዶክተሯ እሱ ከጣላቸው ፍሬዎች መካከል አንዷን አንስታ በጥፍሯ ገለበጠቻት። ከወዲያኛው ጎን ቀጭን የብርሃን ጠርዝ ታየ።

ፍሬዋን አፍጥጦ አያት።

«ልክ ነሽ» አለ በመጨረሻ። «ዓይኔ ነው የሳተው።» የጣለውን ክምር በሙሉ በክንዱ ሰብስቦ መስታወቱ ላይ መለሰው። «በይ፣ ሁሉንም እንገልብጣቸው።»