መኪና ይመጣልሃል

በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት በጤና ጣቢያው ስትሠራ የከተማውን ሰው ግማሹን ክንዱ ላይ፣ ግማሹን መቀመጫው ላይ እየወጋች ስላሳደገች «እትዬ መርፌ» ሆና ቀረች። ጡረታ ብትወጣም ስሙ አብሯት ጡረታ አልወጣም። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ በአንዱ ቤት ሲያስነጥሱ ከሌላው ቤት «ይማርህ» የሚባልባት ዓይነት። እንዲህ ባለ ቦታ የወጣ ስም አይመለስም።

ጡረታ በወጣች በዓመቱ በማዘጋጃ ቤቱ የአደጋ መከላከያ ኮሚቴ ተቋቋመ። ወንዙ በየአራት አምስት ዓመቱ ሞልቶ የታችኛውን ሰፈር ስለሚያጥለቀልቅ፣ «ዘንድሮስ ውሃ ቀድሞን አይምጣ» ተባለ። ሰብሳቢው ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ንግግር ከመጀመሩ በፊት ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ የሚጠርግ ሰው ነበር። ሥራው ሲከፋፈል ወንበሩ ለሱ፣ የእግር መንገዱ ለእትዬ መርፌ ደረሰ። ቤት ለቤት ዞራ፣ ውሃ ቢመጣ በራሱ እግር መውጣት የማይችለውን ሁሉ እንድትመዘግብ።

ሁለት ወር ዞረች። ጉልበቷ እያበጠ፣ ማታ ማታ እግሯን ለብ ባለ ውሃ እየነከረች፣ ጠዋት ደግሞ ተመልሳ እየወጣች። የደብተሯን ገጽ ለሁለት ከፈለችው። በቀኝ በኩል ሰውየው፣ ሕመሙ፣ አልጋው በየትኛው ክፍል እንዳለ፣ በሩ ወደ ውስጥ ወይስ ወደ ውጭ እንደሚከፈት። በግራ በኩል ደግሞ በዙሪያው ያለው ሰው ምን እንዳለው፤ የግንበኛው መሰላል፣ የአናጺው የእጅ ጋሪ፣ የወፍጮ ቤቱ ረጅም ገመድ፣ ፎቅ ያለው የማን ቤት እንደሆነ። ስታበቃ አርባ ሦስት ሰው ሆኑ።

ዐሥራ ሰባተኛው ልብስ ሰፊው ነበር። አንድ እግሩን ስኳር በሽታ ከጉልበቱ በላይ ወስዶበታል። የሚኖረው ብቻውን፣ ከልብስ መስፊያ ቤቱ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነው። በእግር ይረገጥ የነበረውን የስፌት መኪና ለእጅ እንዲሆን አስለውጦ እስካሁን ሱሪ ያሳጥራል። «ለሰው ሁለት እግር እያሳጠርኩ ለራሴ አንዱን አሳጠርኩት» ይላል፣ ሰው እንዳያዝንለት ቀድሞ።

እትዬ መርፌ ደብተሯን ይዛ ስትገባ አንገቱን ሳያነሳ፣

«ደግሞ ምን ልትወጊኝ ነው?» አላት።

«ልመዘግብህ ነው። ውሃ ሲመጣ እንድንወስድህ።»

«ምዝገባ አልወድም። የሰው ስም ወረቀት ላይ የሚወጣው ወይ ሲወለድ ነው ወይ ሲሞት ነው።»

«ዝም ብለህ ንገረኝ። ማን ይወስድሃል ጎርፍ ቢመጣ?»

ሰፊው ክሩን በጥርሱ በጠሰ። «አናጺው አለ፣ ግድግዳ ነው የሚለየን። በጋሪው ያወጣኛል። ባለፈው ጊዜም እሱ ነው ያወጣኝ።»

እዚህ ላይ ነበር እትዬ መርፌ ያን ቃል ያወጣችው። በኋላ ስንት ቀን ስንት ሌሊት እንዳመነዠከችው እሷ ብቻ ናት የምታውቀው። በሰዓቱ ግን ደስ ብሏት፣ ሥራዋን አምናበት ነው የተናገረችው።

«የአናጺ ጋሪ አያስፈልግህም» አለችው። «ማዘጋጃ ቤቱ መኪና መድቧል። ዝርዝሩ ሹፌሩ እጅ ይገባል። አንተ ብቻ ከቦታህ አትነቃነቅ፤ መኪና ይመጣልሃል።»

«እውነት?»

«መቼ ዋሽቼህ አውቃለሁ?»

«‹አያምም› እያልሽ ስትወጊኝ ኖረሽ የለ?» አለና ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወት አድርጎ፣ «ግን አንቺ ካልሽ እሺ። ሌላ ሰው ቢለኝ አላምንም ነበር» አላት።

ዝርዝሩን በጥሩ ጽሑፍ ገልብጣ ለሰብሳቢው አስረከበች። አገላብጦ «ታይቷል» ብሎ ፈረመበትና መስታወት ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጠው።

«ለሹፌሩስ ተሰጠው?» አለችው።

ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ ሥራ በደረጃው ነው የሚሄደው። ይሰጠዋል።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግማ ጠየቀች፤ «ይሰጠዋል» ነው መልሱ። ሦስተኛ ጊዜ መጠየቅ አፍራ ተወችው። ነዝናዛ አሮጊት እንዳይሏት ፈራች።

ክረምቱ በገባ በሦስተኛው ሳምንት ላይኛው አገር ሁለት ቀን ሙሉ ሲዘንብ ሰነበተ። ረቡዕ ረፋዱ ላይ የትምህርት ቤቱ ደወል ሳያቋርጥ ተደወለ፤ የማስጠንቀቂያው ምልክት ነበር። የእትዬ መርፌ ምድብ ትምህርት ቤቱ ፎቅ ላይ ሆኖ የሚመጣውን ሰው መቀበል ነው። ረቂቁን ደብተሯን ይዛ ደረጃው አፍ ላይ ቆመች። ሰው እየተጋፋ መጣ፤ ፍራሽ የተሸከመ፣ ዶሮ ያቀፈ፣ ቴሌቪዥን በአንሶላ የጠቀለለ። ግንበኛው ሽባ አማቱን በጀርባው አዝሎ መጣ። ሁለት ሴቶች ዓይነ ስውሯን እማማ በመሃላቸው ይዘው መጡ። እያንዳንዱን በደብተሯ ላይ ምልክት አደረገችበት። ዘጠኝ፣ ዐሥራ አራት፣ ሃያ ሁለት። ሁሉም በሰው ጀርባ፣ በሰው ክንድ፣ በጋሪ። በመኪና የመጣ አንድም አልነበረም።

 ደብተሩን ለአንዲት አስተማሪ ሰጥታ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ወረደች። መኪናው በሩ ላይ ቆሟል። ሹፌሩና ሁለት ዘበኞች ኮምፒውተርና የፋይል ካርቶን ይጭናሉ።

«ሰዎቹስ?» ብላ ጮኸች። «ለምን አልሄድክም?»

«የቱን ሰዎች እትዬ?»

«ዝርዝሩ ላይ ያሉትን!»

ሹፌሩ ካርቶኑን እንዳቀፈ ቆመ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ልጆቹን እሷ ናት የከተበችው። «የምን ዝርዝር?» አላት። «እኔ የጽሕፈት ቤቱን ንብረት አውጣ ነው የተባልኩት። ሦስተኛ ዙሬ ነው።»

 ቁልቁል ሮጠች፤ በስድሳ ሁለት ዓመቷ፣ በዚያ ጉልበቷ። የሰፊው መንገድ መታጠፊያ ላይ ስትደርስ መንገዱ መንገድ መሆኑ ቀርቷል። ቡናማ ውሃ በርሜልና የአጥር እንጨት እያንከባለለ ይወርዳል። ገባችበት። ወገቧ ጋ ሲደርስ ሁለት ጎረምሶች ከኋላ ይዘው ጎተቷት፤ እየተማታችና እየተሳደበች፣ እንደ ሕፃን አንጠልጥለው አወጧት።

ሰፊውን ያገኙት በነጋታው ውሃው ሲጎድል ነው። በሩ አጠገብ ነበር። ኮቱን ለብሷል፣ ምርኩዙ ከእጁ ጋር በገመድ ታስሯል፣ በአንገቱ የመድኃኒት ቦርሳውን አንጠልጥሏል። ልክ ሰው ሲጠብቅ እንደነበረ።

ነገሩን ለእትዬ መርፌ የነገራት አናጺው ነው። ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ሥር ቁጭ ብሎ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ።

«መጀመሪያ እሱ ጋ ነው የሄድኩት» አላት። «ጋሪዬን በሩ ላይ አቁሜ ‹ጋሼ፣ ና እንሂድ› አልኩት። ‹የለም› አለኝ። ‹እኔ መኪና ይመጣልኛል፤ እትዬ መርፌ በስሜ ጽፋልኛለች። አንተ ከማዶ ያለችውን አራስ ከነልጇ ውሰድ› አለኝ። ለመንኩት እትዬ። ተቆጣኝ። ‹እኔ ካልጠበቅኩ መኪናው መጥቶ ሲያጣኝ ለሌላው ሰው የሚሆነው ጊዜ በከንቱ ይጠፋል› አለኝ። አራሷን አድርሼ ስመለስ...»

  እትዬ መርፌ ተነስታ ጥቂት ሄደችና ግድግዳውን ተደገፈች። 

ከዐሥር ቀን በኋላ ኮሚቴው ሕዝቡን በአዳራሹ ሰብስቦ ሪፖርት አቀረበ። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ ጠረገ። «በተደረገው የቅድመ ዝግጅት ሥራ፣ ከተመዘገቡት አርባ ሦስት አቅመ ደካሞች አርባ ሁለቱን መታደግ ተችሏል» አለ። ተጨበጨበ። «ለዚህም ዝርዝሩን ያዘጋጁልንን እትዬን ወደ መድረክ...» የተዘጋጀላት የምስጋና ወረቀት በመስታወት ተለብጦ ጠረጴዛው ላይ ይታያል።

ካለችበት ብድግ አለች እንጂ ወደ መድረክ አልወጣችም።

«ዝርዝሩ የት ነበር?» አለች።

«እትዬ፣ ሐዘን ላይ መሆንዎን እንረዳለን...»

«የት ነበር ነው የምልህ! ከቁም ሳጥኑ ወጥቶ ያውቃል? ሹፌሩ እዚህ ተቀምጧል፤ ይነሳና ይናገር። አርባ ሁለቱን ያወጣቸው ጎረቤት ነው። አንዱን ደግሞ የገደልነው እኛ ነን፤ አንተ በቁም ሳጥንህ፣ እኔ በአፌ።»

ሹፌሩ አንገቱን ደፋ። ከኋላ አንድ ሰው «እውነቷን ነው» አለ፤ ሌላው ግን «እሺ፣ ይቅር በቃ፣ ለሞተ ሰው ምን ይጠቅመዋል?» አለና የብዙው ራስ በስምምነት ተነቀነቀ። ሰብሳቢው ወደ ቀጣዩ አጀንዳ አለፈ። በሳምንቱ «ከዕድሜዎ አንጻር እንዲያርፉ» የሚል ደብዳቤ ደረሳት።

ከሁሉም የከበዳት የሰፊው እህት ጋ መሄድ ነበር። ከሌላ ከተማ መጥታ የወንድሟን ክፍል ጭቃ ትጠርጋለች። እትዬ መርፌ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሳትደብቅ ነገረቻት፤ የአናጺውን ጋሪ፣ የራሷን ቃል፣ ሦስተኛ ጊዜ ሳትጠይቅ መቅረቷን።

እህቲቱ አካፋዋን ተደግፋ ሰማቻት። ስትጨርስ፣

«ይቅር እንድልሽ ነው የመጣሽው?» አለቻት።

«አይደለም።»

«ጥሩ። ምክንያቱም አልልሽም። በስልክ ሁሌ ስላንቺ ያወራኝ ነበር። ሰው የሚያምን ሰው አልነበረም፤ ባንድ ሰው አምኖ ሞተ።» አካፋዋን አነሳች። «አሁን መንገዱን ልቀቂልኝ፤ ጭቃው ሳይደርቅ ልጨርስ።»

እትዬ መርፌ ወጣች። ቤቷ ገብታ ሦስት ቀን በር ዘጋች። በአራተኛው ቀን አዲስ ደብተር ገዝታ እንደገና ቤት ለቤት መዞር ጀመረች፤ ማንም ሳይልካት። አሁን የምትለው ሌላ ነው፤ «ከማዘጋጃ ቤት ማንንም አትጠብቁ። ማን እንደሚያወጣችሁ ዛሬ፣ እኔ ፊት ተነጋገሩ።» አንዳንዱ ሰማት። አንዳንዱ «ደግሞ ማንን ልታስፈጅ ነው» ብሎ በሩን ፊቷ ላይ ዘጋው። ተሳስተዋልም አላለች።

የወንዙ ዳር የመጨረሻው ቤት ውስጥ ወገቡ የማይታጠፍለት ጡረተኛ ዘበኛ አለ። ከግድግዳው ባሻገር የሚኖረው ብየዳ ሠራተኛ እንደ በሬ ጠንካራ ነው፤ በአንድ ክንድ ያወጣዋል። ግን ስፋቷ አንድ ክንድ እንኳ በማትሞላ የአጥር ቦታ ተጣልተው ሰባት ዓመት ሰላም አይባባሉም።

«እሱን ጥራው» አለችው።

«ከሱ ጀርባ ላይ ከምታዘል ውሃው ይውሰደኝ!»

«ይወስድሃል» አለችው ድምጿን ሳታነሳ። «አይቼዋለሁ ሲወስድ።»

ዘበኛው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እትዬ መርፌ ደብተሯን በብብቷ ሸጎጠች፣ ጉልበቷን ይዛ ተነሳች፣ ዞራም የበያጁን የቆርቆሮ በር መደብደብ ጀመረች። ከውስጥ «ማነው?» የሚል የተቆጣ ድምፅ ተሰማ። መደብደቡን አላቆመችም።